ስለ ኮሙኒስት ፓርቲዎች ታሪክና አደረጃጀት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች በአብዛኛው የሚነሡት በአራት ኪሎና በስድስት ኪሎ አካባቢ ከሚማሩ፣ የደርግን ዘመን ከወላጆቻቸውና ከአያቶቻቸው አፍ ብቻ ከሰሙ ወጣቶች ነው። ብዙዎቹ ስለ መደብ ትግልና ስለ ወዛደሩ አምባገነንነት ጥቂትም ቢሆን አንብበዋል። ፓርቲው ራሱ እንደ ተቋም እንዴት እንደሚሠራ፣ ማን ማንን እንደሚሾም፣ ውሳኔው ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ የሚያስረዳ ጽሑፍ ግን እምብዛም አያገኙም። ርዕዮተ ዓለሙ ከአገር አገር፣ ከዘመን ዘመን ብዙ ተለዋውጧል፤ አደረጃጀቱ ግን ከሞስኮ እስከ ሃኖይ፣ ከሃቫና እስከ አዲስ አበባ በሚያስገርም ሁኔታ ተመሳሳይ ሆኖ ቆይቷል። ስለዚህ መልሶቹ በሙሉ ከአደረጃጀቱ በኩል የተሰጡ ናቸው።

የውጭ አገር ታሪክ ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ሲሆን፣ የኢትዮጵያ ታሪክ ዓመታት ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ሆነው ዓ.ም. የሚል ታክሎባቸዋል።

ኮሙኒስት ፓርቲ ከሌሎች የፖለቲካ ፓርቲዎች በምን ይለያል?

ከሁሉ በፊት በአባልነት ሥርዓቱ ይለያል። በተለመደው የምርጫ ፓርቲ ውስጥ ፈቃደኛ የሆነ ሰው ተመዝግቦ መዋጮ ከከፈለ አባል ይሆናል፤ የሚጠበቅበትም በአመዛኙ በምርጫ ወቅት ድምፅ ማሰባሰብ ነው። ኮሙኒስት ፓርቲ ግን አባሉን የሚመርጠው ራሱ ነው። አመልካቹ በነባር አባላት ይደገፋል፣ የሕይወት ታሪኩን ጽፎ ያቀርባል፣ በዕጩ አባልነት ይፈተናል፣ ካለፈም በሚሠራበት ፋብሪካ፣ መሥሪያ ቤት ወይም የጦር ክፍል ባለው መሠረታዊ ድርጅት ውስጥ ይመደባል። የፓርቲው የመጨረሻ እርከን የመኖሪያ ቀበሌ ብቻ ሳይሆን የሥራ ቦታ ጭምር መሆኑ ቀላል ነገር አይደለም፤ አለቃውም ምንዝሩም በአንድ መሠረታዊ ድርጅት ውስጥ ሲገኙ ፓርቲው በየመሥሪያ ቤቱ ሁለተኛ የዕዝ መስመር ይዘረጋልና።

ሌላው መለያ ዴሞክራሲያዊ ማዕከላዊነት የተባለው መርሕ ነው። በደንቡ መሠረት የበታች አካል የበላዩን ይመርጣል፤ ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ ውይይቱ ነጻ ነው፤ ከተወሰነ በኋላ ግን አናሳው ለብዙኃኑ፣ የበታቹም ለበላዩ ይገዛል። በወረቀት ላይ ከፍተኛው አካል ጉባኤው ሲሆን፣ ጉባኤው ማዕከላዊ ኮሚቴውን ይመርጣል፣ ማዕከላዊ ኮሚቴው ደግሞ ፖሊት ቢሮውንና ጽሕፈት ቤቱን ይሰይማል። በተግባር ግን ሥልጣን ሲፈስ የኖረው በተቃራኒው አቅጣጫ ነው፤ ለጉባኤ የሚላኩትን ተወካዮች ዝርዝር የሚያሰናዳው በእነዚሁ ተወካዮች ይመረጣል የተባለው ጽሕፈት ቤት ነበርና።

የመጀመሪያው ኮሙኒስት ፓርቲ መቼና የት ተመሠረተ?

ስሙን ቀድሞ የያዘው በ1847 ለንደን ውስጥ የተቋቋመው የኮሙኒስቶች ማኅበር ሲሆን፣ ማርክስና ኤንግልስ በ1848 የታተመውን ማኒፌስቶ የጻፉት በዚሁ ማኅበር ጠያቂነት ነበር። ማኅበሩ በአመዛኙ የስደተኛ ጀርመናውያን የእጅ ባለሙያዎች አነስተኛ ስብስብ ስለነበረ በ1852 ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የማርክስ ተከታዮች የተሰባሰቡት ሶሻል ዴሞክራት በሚባሉ ሰፋፊ ፓርቲዎች ውስጥ ነው። ከእነዚህ ሁሉ የገዘፈው የጀርመኑ ፓርቲ በ1912 ምርጫ ከመራጩ አንድ ሦስተኛ የሚሆነውን ድምፅ አግኝቶ በምክር ቤቱ ትልቁ ፓርቲ ለመሆን በቃ።

ዛሬ የምናውቀው ቅርጽ የተገኘው ግን ከሩሲያ ነው። የሩሲያ ሶሻል ዴሞክራቲክ ሠራተኞች ፓርቲ በ1898 ሚንስክ ከተማ ውስጥ ዘጠኝ ተወካዮች ብቻ በተገኙበት ጉባኤ ተመሠረተ፤ ከተወካዮቹም አብዛኞቹ ብዙ ሳይቆዩ ታሰሩ። በ1903 ብራስልስ ላይ ተጀምሮ ለንደን ላይ ባለቀው ሁለተኛው ጉባኤ የፓርቲው አባል ማን ነው የሚለው የደንቡ የመጀመሪያ አንቀጽ ክርክር አስነሣ። ሌኒን አባል የሚባለው በአንዱ የፓርቲ ድርጅት ውስጥ ራሱ የሚሳተፍ ብቻ ይሁን ሲል፣ ማርቶቭ ደግሞ በአንዱ ድርጅት መሪነት የሚተባበር ሁሉ ይቆጠር አለ። በዚያ አንቀጽ ላይ ያሸነፈው ማርቶቭ ነበር። የሌኒን ወገን ቦልሼቪክ፣ ማለትም ብዙኃን፣ ለመባል የበቃው የተወሰኑ ተወካዮች ጉባኤውን ጥለው ከወጡ በኋላ በተደረገው የአመራር ምርጫ ስለበለጠ ነው። ይህ ፓርቲ ሥልጣን ከያዘ በኋላ በመጋቢት 1918 ስሙን ወደ ኮሙኒስት ፓርቲ ለወጠ።

ዋና ጸሐፊ የተባለው ሹመት እንዴት የአገር መሪነት ሊሆን ቻለ?

ብዙ ጊዜ ከሚጠየቁት ሁሉ ይህ ጥያቄ ዋነኛው ይመስለኛል፤ የቀረውን ታሪክ የሚከፍተውም እርሱ ነው።

በመጋቢት 1919 የተካሄደው የሩሲያው ፓርቲ ስምንተኛ ጉባኤ ከማዕከላዊ ኮሚቴው ሥር ሦስት ቋሚ አካላትን አቋቋመ። ፖሊት ቢሮው ፖለቲካዊ ውሳኔ እንዲሰጥ፣ የድርጅት ቢሮው የሰው ኃይል እንዲመድብ፣ ጽሕፈት ቤቱ ደግሞ የዕለት ሥራውን እንዲያከናውን ነበር የታሰበው። የመጀመሪያው ፖሊት ቢሮ ሙሉ አባላት ሌኒን፣ ትሮትስኪ፣ ስታሊን፣ ካሜኔቭና ክሬስቲንስኪ ነበሩ። ከእነዚህ ታላላቅ ስሞች አጠገብ ጽሕፈት ቤቱ የወረቀት ሥራ ብቻ ያለበት ቦታ መስሎ ይታይ ነበር። ስታሊን በሚያዝያ 1922 ዋና ጸሐፊ ተብሎ ሲሾም ያን ያህል የተጨነቀ አልነበረም። በዕድር ውስጥ የሚከበረው ዳኛው ቢሆንም የአባላቱን መዝገብ የያዘው ጸሐፊ ማን ቀረ፣ ማን ከፈለ፣ ማን ይሰረዝ የሚለውን እንደሚያውቅ ሁሉ፣ የፓርቲው ጽሕፈት ቤትም ማን የት እንደሚመደብ የሚወስን አካል ነበር። የክፍለ ሀገር ጸሐፊዎችን የሚመድበው ማዕከሉ ነው፤ የተመደቡት ጸሐፊዎች የአካባቢያቸውን ተወካዮች ወደ ጉባኤ ይልካሉ፤ የተላኩትም የመደባቸውን ሰው ይመርጣሉ። ሌኒን በ1922 መጨረሻ በሕመም አልጋ ላይ ሆኖ ባስጻፈው ደብዳቤ ስታሊን ገደብ የለሽ ሥልጣን በእጁ እንዳከማቸ ሲያስጠነቅቅ መዋቅሩ ቀድሞ ተዘርግቶ ነበር።

በዚህ ላይ በመጋቢት 1921 ዐሥረኛው ጉባኤ በክሮንሽታት የባሕር ኃይል ሰፈር ያሉ መርከበኞች ባመፁበት ወቅት ያሳለፈው ውሳኔ ተጨመረበት። ጉባኤው በፓርቲው ውስጥ የራሱ አቋምና የራሱ ሥነ ሥርዓት ያለው አንጃ ማቋቋምን ከለከለ። ለጊዜያዊ አደጋ የተወሰደ የሚመስለው እርምጃ ቋሚ ሕግ ሆኖ ቀረ፤ ከዚያ በኋላ የተለየ ሐሳብ ያለው አባል ሐሳቡን የሚደግፉ ሰዎችን ማሰባሰብ በጀመረባት ደቂቃ ጥፋተኛ ይሆናል። የዚህ መጨረሻ ምን እንደሆነ ከስታሊን በኋላ ፓርቲውን የመራው ክሩሽቼቭ በ1956 ለሃያኛው ጉባኤ ባደረገው ዝግ ንግግር ራሱ ዘርዝሮታል። በ1934 ጉባኤ ከተገኙት 1,966 ተወካዮች መካከል 1,108ቱ ታስረዋል፤ በዚያው ጉባኤ ከተመረጡት 139 የማዕከላዊ ኮሚቴ አባላትና ተለዋጭ አባላት 98ቱ ተገድለዋል። የሶቪየት ኮሙኒስቶችን በብዛት የፈጀው የውጭ ጠላት ሳይሆን የገዛ ፓርቲያቸው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ደንቡ ከንቱ ጌጥ ብቻ ነበር ብሎ መደምደም ግን ስሕተት ይሆናል። በሰኔ 1957 የፖሊት ቢሮው አብላጫ ክሩሽቼቭን ለማውረድ ሲነሣ፣ እርሱ የመረጠኝ ማዕከላዊ ኮሚቴው ነውና እርሱ ይወስን ብሎ ተከራከረ፤ ማዕከላዊ ኮሚቴውም ተሰብስቦ አዳነው። በጥቅምት 1964 ደግሞ ያው ማዕከላዊ ኮሚቴ አወረደው። ሰውየው በጡረታ ቤቱ ተቀምጦ ለመሞት መቻሉ በ1930ዎቹ የማይታሰብ ነገር ነበር።

ኮሚንተርን ምን ነበር?

በመጋቢት 1919 ሞስኮ ላይ የተመሠረተ ዓለም አቀፍ ድርጅት ሲሆን፣ ራሱን የሚቆጥረው እንደ አንድ የዓለም ፓርቲ ነበር፤ የየአገሩ ፓርቲዎች የእርሱ ክፍሎች ናቸው። በ1920 ሁለተኛው ጉባኤ መግባት የሚፈልግ ፓርቲ ሁሉ የሚፈርምባቸውን 21 ቅድመ ሁኔታዎች አወጣ። ከእነዚህም መካከል ኮሙኒስት የሚለውን ስም መያዝ፣ ለዘብተኞችን ከኃላፊነት ማስወገድ፣ ከሕጋዊው ጎን ኅቡዕ አደረጃጀት መዘርጋትና አባላትን በየጊዜው ማጥራት ይገኙበታል። በዚህ ምክንያት የአውሮፓ ሶሻሊስት ፓርቲዎች ለሁለት ተሰነጠቁ። የፈረንሳዩ በታኅሣሥ 1920 ቱር ከተማ ላይ፣ የጣሊያኑ በጥር 1921 ሊቮርኖ ላይ ተከፈለ። ኮሚንተርን በሞስኮ የካድሬ ትምህርት ቤቶችም ነበሩት፤ በምሥራቅ ሠርቶ አደሮች ኮሙኒስት ዩኒቨርሲቲ ከተማሩት መካከል ሆ ቺ ሚንና፣ ኋላ የኬንያ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት የሆኑት ጆሞ ኬንያታ ይገኛሉ። ኬንያታ ኮሙኒስት ሆነው አልቀሩም። ስታሊን በ1943 ከምዕራብ አጋሮቹ ጋር በጦርነት ላይ ሳለ ድርጅቱ እንዲፈርስ አደረገ።

የቻይናው ፓርቲ ከሶቪየቱ በምን ተለየ?

በሐምሌ 1921 ሻንጋይ ውስጥ ሲመሠረት በመላ አገሪቱ የነበሩት አባላት ከሃምሳ እምብዛም አይበልጡም ነበር፤ ፖሊስ ስለደረሰባቸውም ተወካዮቹ ስብሰባቸውን የጨረሱት ጂያሺንግ በሚገኝ ሐይቅ ላይ በጀልባ ተቀምጠው ነው። የቻይናው ፓርቲ ልዩነት የሚመነጨው ሥልጣን ላይ ከወጣበት መንገድ ነው። ቦልሼቪኮች ዋና ከተማውን በጥቂት ቀናት ይዘው አገሩን በኋላ ሲቆጣጠሩ፣ ቻይናውያኑ ግን ከ1927 ጀምሮ ከከተማ ተባርረው ለሃያ ዓመታት ያህል በገጠር እየተዋጉ ነጻ ያወጡትን አካባቢ ሲያስተዳድሩ ቆይተዋል። በ1949 ቤጂንግ ሲገቡ ፓርቲው ጦር፣ ግብር ሰብሳቢ፣ ዳኛና የሚሊዮኖች አባላት መዝገብ ይዞ ነው የገባው። ጦሩም እስከ ዛሬ በቀጥታ በፓርቲው ወታደራዊ ኮሚሽን ይታዘዛል።

የፓርቲው መሪ ማኦ በባህል አብዮቱ ዘመን የገዛ ፓርቲውን መዋቅር በወጣቶች ማዕበል አስመታ፤ መዋቅሩ ግን ከእርሱ ሞት በኋላ ተጠግኖ ከ1978 ጀምሮ ገበያውን የሚመራ መሣሪያ ሆነ። የአባላቱ ቁጥር በ2024 መጨረሻ ከ100 ሚሊዮን በላይ ደርሷል። ብዙ ሰው የማያስተውለው፣ ቻይና በሕግ የአንድ ፓርቲ አገር አለመሆኗን ነው፤ የኮሙኒስቱን መሪነት የተቀበሉ ስምንት ትንንሽ ፓርቲዎች አሁንም አሉ።

ኮሙኒስቶች በነጻ ምርጫ አሸንፈው ያውቃሉ?

አዎን፣ ከአንድ ጊዜ በላይ። በሕንድ ኬረላ ግዛት በ1957 ምርጫ አሸንፈው ናምቡዲሪፓድ በተባሉ መሪ መንግሥት መሠረቱ፤ የማዕከላዊው መንግሥት በ1959 አሰናበታቸው እንጂ በኋላም ደጋግመው ተመርጠዋል። በምዕራብ ቤንጋል ከ1977 እስከ 2011 ድረስ ለ34 ዓመታት እየተመረጡ ገዝተው፣ በመጨረሻ በምርጫ ተሸንፈው ወርደዋል። ሞልዶቫ ውስጥም በ2001 ከ101 የምክር ቤት መቀመጫዎች 71ዱን አግኝተዋል። የጣሊያኑ ፓርቲ በ1976 ከመራጩ 34.4 በመቶ ድምፅ ቢያገኝም ብሔራዊውን መንግሥት ለመምራት ሳይበቃ በ1991 ስሙን ቀይሮ ፈረሰ። ይሁንና በየከተማው በሚያስተዳድራቸው ማዘጋጃ ቤቶች፣ በኅብረት ሥራ ማኅበራቱና በጋዜጣው ዓመታዊ በዓላት አማካይነት በሕዝቡ ኑሮ ውስጥ የነበረው ሥር ብዙ ገዥ ፓርቲዎች ያላገኙት ነው።

በምርጫ መንገድ መሄድ ዋስትና እንዳልነበረም መጥቀስ ይገባል። የኢንዶኔዥያው ፓርቲ በ1955 ምርጫ አራተኛ የወጣና በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሦስት ሚሊዮን ያህል አባላት የነበሩት፣ ከገዥዎቹ አገሮች ውጭ ትልቁ ኮሙኒስት ፓርቲ ነበር። ከጥቅምት 1965 ጀምሮ በጦሩ መሪነት በተካሄደው ጭፍጨፋ በአብዛኞቹ ግምቶች መሠረት ግማሽ ሚሊዮን ወይም ከዚያ የሚበልጥ ሰው ተገድሎ ፓርቲው ጠፍቷል።

በአፍሪካ ኮሙኒስት ፓርቲዎች ነበሩ?

ነበሩ፤ ነገር ግን ዕድሜ ያገኙት በአብዛኛው ሥልጣን ያልያዙት ናቸው። የደቡብ አፍሪካው በ1921 ኬፕታውን ላይ ተመሥርቶ፣ በ1950 በሕግ ታግዶ፣ በ1953 ኅቡዕ ሆኖ ተቋቁሞ፣ ከአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስ (ኤኤንሲ) ጋር በመተባበር አፓርታይድን እስከ መጨረሻው ታግሏል። የጎረቤታችን የሱዳኑ ፓርቲ ከ1946 ጀምሮ በባቡር ሠራተኞችና በጥጥ ገበሬዎች መካከል ጠንካራ መሠረት ነበረው፤ በሐምሌ 1971 ለሦስት ቀናት ብቻ የቆየው መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍ የአገሪቱ መሪ ኒሜሪ ዋና ጸሐፊውን አብደል ኻሊቅ ማሕጁብን ጨምሮ መሪዎቹን ሰቀለ። ኮንጎ ብራዛቪል፣ ቤኒን፣ አንጎላና ሞዛምቢክ ውስጥ ደግሞ ቀድሞ ሥልጣን ላይ የነበሩ ወታደሮች ወይም የነጻነት ንቅናቄዎች ኋላ ራሳቸውን የማርክሲስት ሌኒኒስት ፓርቲ ብለው ሰየሙ።

ኢሕአፓና መኢሶን ኮሙኒስት ፓርቲዎች ነበሩ?

በአደረጃጀት ረገድ ደርግ ኋላ ካቋቋመው የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ (ኢሠፓ) ይልቅ ለጥንታዊው ምሳሌ የቀረቡት እነርሱ ናቸው። መኢሶን (የመላ ኢትዮጵያ ሶሻሊስት ንቅናቄ) በ1960 ዓ.ም. ሃምቡርግ፣ ኢሕአፓ (የኢትዮጵያ ሕዝባዊ አብዮታዊ ፓርቲ) ደግሞ በ1964 ዓ.ም. በርሊን ላይ በተማሪዎችና በምሁራን ተመሠረቱ፤ እንደ ሩሲያውያኑ ሁሉ በስደት የተጀመሩ፣ በኅቡዕ ሕዋስ የተዋቀሩና በጋዜጣ ዙሪያ የተሰባሰቡ ነበሩ። የኢሕአፓ ዴሞክራሲያና የመኢሶን የሰፊው ሕዝብ ድምፅ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፉ የሚነበቡ፣ አንባቢን ወደ አባልነት የሚስቡ ጽሑፎች ነበሩ። በንድፈ ሐሳብ የሚለያያቸው ከሚያመሳስላቸው ያነሰ ነበር። ያጋደላቸው ኢሕአፓ ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት አሁኑኑ ሲል መኢሶን ለደርግ ሒሳዊ ድጋፍ እየሰጡ መደራጀት ይሻላል ማለቱ ነው።

አንጃን የከለከለው የ1921ዱ የሞስኮ ውሳኔ አዲስ አበባ ድረስ መዝለቁም የሚታየው እዚህ ላይ ነው። በ1969 ዓ.ም. በኢሕአፓ አመራር ውስጥ ብርሃነ መስቀል ረዳና ጌታቸው ማሩ የከተማውን የትጥቅ ትግል ሲቃወሙ ክርክሩ በጉባኤ ሊፈታ አልቻለም፤ አንጃ ተብለው ተወገዙ። ይህ ቃል በዚያን ጊዜ በከተማችን የሞት ፍርድ ያህል ክብደት ነበረው።

ኢሠፓ ለምን ዐሥር ዓመት ዘግይቶ ተመሠረተ?

እንደ ሩሲያና ቻይና ባሉ አገሮች ፓርቲው መንግሥትን ፈጠረ፤ በእኛ አገር መንግሥቱ ፓርቲን ፈጠረ፤ ያም መንግሥት ወታደራዊ ነበር። ደርግ በ1966 ዓ.ም. ሲቋቋም ከየጦር ክፍሉ የተውጣጡ መኮንኖችና ባለሌላ ማዕረግተኞች እንጂ የፓርቲ ልምድ ያላቸው ሰዎች አልነበሩትም። በ1968 ዓ.ም. የብሔራዊ ዴሞክራሲያዊ አብዮት ፕሮግራም ሲታወጅ የሕዝብ ድርጅት ጉዳይ ጊዜያዊ ጽሕፈት ቤትና የየካቲት 66 የፖለቲካ ትምህርት ቤት የተሰጡት በአመዛኙ መኢሶንን ለመሰሉ የሲቪል ግራ ድርጅቶች ነበር። እነዚህ ድርጅቶች በ1969 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ማርክሲስት ሌኒኒስት ድርጅቶች ኅብረት (ኢማሌድኅ) በሚባለው ተሰባሰቡ፤ መኢሶን፣ ወዝ ሊግ፣ ማሌሪድ፣ ኢጭአትና መኮንኖቹ ራሳቸው ያቋቋሙት አብዮታዊ ሰደድ ነበሩበት። እቅዱ አምስቱ ተዋሕደው አንድ ፓርቲ እንዲሆኑ ነበር። የሆነው ግን ተራ በተራ መመታታቸው ነው። መኢሶን በነሐሴ 1969 ዓ.ም. ኅቡዕ ገባ፤ ሌሎቹም ተከተሉ፤ በመጨረሻ የቀረው ሰደድ ብቻ ሆነ። ኢሕአፓ በዚያው ጊዜ በቀይ ሽብር ተደምስሶ ነበር።

ሶቪየቶች ከደርግ ጋር በመተባበር ላይ እያሉም መሪው መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ቢወድቁ የማይወድቅ ተቋም እንዲኖር ፓርቲ ይቋቋም እያሉ ይወተውቱ ነበር። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በታኅሣሥ 1972 ዓ.ም. ያቋቋሙት ግን ፓርቲ ሳይሆን የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ አደራጅ ኮሚሽን፣ ኢሠፓአኮ ነው፤ በእርሱም ድርጅቶች በጅምላ እንዳይገቡ፣ ሰዎች በግል ብቻ እየተመለመሉ እንዲገቡ ተደረገ። ይህ ብልሃት ከጀርባው የራሱ ደጋፊ ያለው ማንም ሰው ወደ አመራሩ እንዳይጠጋ ያረጋገጠ ነበር።

ኢሠፓ ራሱ በጳጉሜን 1976 ዓ.ም.፣ በአብዮቱ ዐሥረኛ በዓል ዋዜማ፣ ሰሜኑ የአገራችን ክፍል በረሃብ በሚያልቅበት ወቅት ተመሠረተ። ከ11ዱ የፖሊት ቢሮ አባላት ሰባቱ ከመንግሥቱ ጀምሮ የደርግ መኮንኖች ነበሩ፤ አራቱ ሲቪሎች አማኑኤል ዓምደ ሚካኤል፣ ዓለሙ አበበ፣ ሽመልስ ማዘንጊያና ኃይሉ ይመኑ ናቸው። ዋና ጸሐፊው፣ የመንግሥቱ መሪና የጦሩ ጠቅላይ አዛዥ አንድ ሰው ነበር። ቅርጹ ሁሉ ተሟልቷል፦ ማዕከላዊ ኮሚቴ፣ የቁጥጥር ኮሚሽን፣ ሠርቶ አደር ጋዜጣ፣ መስከረም የተባለ የንድፈ ሐሳብ መጽሔት፣ በየመሥሪያ ቤቱ መሠረታዊ ድርጅት። የጎደለው ማዕከላዊ ኮሚቴው ዋና ጸሐፊውን ሊጠይቅ የሚችልበት አንድም ቀን ነበር። ሶቪየት ኅብረት በ1957 እና በ1964 ያየችው ዓይነት ስብሰባ እዚህ ሊታሰብ አይችልም ነበር፤ ስለዚህ በግንቦት 1981 ዓ.ም. መንግሥቱን ለማውረድ የተነሡት የፓርቲው አባላት ሳይሆኑ ጄኔራሎቹ ሆኑ፤ ሙከራውም ከሸፈ። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ርዕዮተ ዓለሙ ተትቶ ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅና ፓርቲው የኢትዮጵያ ዴሞክራሲያዊ አንድነት ፓርቲ ሲባል የተከራከረበት አባል ስለመኖሩ አልተሰማም።

ኢሕአዴግስ?

በኢሕአዴግ ዋነኛ ድርጅት በሕወሓት ውስጥ በሐምሌ 1977 ዓ.ም. የትግራይ ማርክሲስት ሌኒኒስት ሊግ፣ ማሌሊት፣ ተመሥርቶ ነበር፤ በወቅቱም ሶቪየትን እየተቹ አልባንያን ያደንቁ ነበር። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ስሙ ጠፋ። ዴሞክራሲያዊ ማዕከላዊነት፣ ግምገማና የካድሬ ምደባ ግን ኢሕአዴግ በ2012 ዓ.ም. እስኪከስም ድረስ ቀጠሉ። ርዕዮተ ዓለም ሲለወጥ አደረጃጀት እንደሚቆይ ከዚህ የቀረበ ማስረጃ አላውቅም።

ለምን አንዳንዶቹ ወደቁ፣ ሌሎቹ ቆዩ?

በምሥራቅ አውሮፓ ብዙዎቹ ፓርቲዎች ሥልጣን የያዙት በሶቪየት ጦር ድጋፍ ነበር፤ የሶቪየቱ መሪ ጎርባቾቭ ጦሩ እንደማይገባ ሲያሳውቅ በ1989 በወራት ውስጥ ወደቁ። በሶቪየት ኅብረት ውስጥ 19 ሚሊዮን ያህል አባላት የነበሩት ፓርቲ የመሪነት ሚናውን የሚያረጋግጠው የሕገ መንግሥቱ 6ኛ አንቀጽ በመጋቢት 1990 ከተሻረ በኋላ፣ የነሐሴ 1991 መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍ ታገደ። ዛሬ በሥልጣን ላይ ያሉት የቻይና፣ የቬትናም፣ የላኦስ፣ የኩባና የሰሜን ኮሪያ ፓርቲዎች ናቸው። የሰሜን ኮሪያው በአንድ ቤተሰብ እጅ ስለገባ ለብቻው መታየት አለበት። ከቀሩት መካከል ቢያንስ ቻይና፣ ቬትናምና ኩባ ሥልጣኑን ያገኙት በራሳቸው ጦርነት ነው። የሹመት ሥርዓታቸው ደግሞ መሪ ሲለወጥ አብሮ አልፈረሰም።

በአዲስ አበባ መሀል የዚህ ዘመን ምን ቀሪ ይታያል?

ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር በቸርችል ጎዳና ሲወርዱ፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አቅራቢያ፣ በ1977 ዓ.ም. መስከረም የተመረቀውና በሰሜን ኮሪያውያን እገዛ የተሠራው የትግላችን ሐውልት ከነቀይ ኮከቡ ቆሟል፤ በኦጋዴን ጦርነት የወደቁት ኩባውያንም መታሰቢያ አላቸው። ከምሥራቅ ጀርመን በስጦታ የመጣው የካርል ማርክስ ሐውልት በስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ይገኛል። በአፍሪካ አዳራሽ አቅራቢያ የነበረው የሌኒን ሐውልት ግን መንግሥቱ አገር ጥለው በወጡ በቀናት ውስጥ፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ተነሥቷል። አብዮት አደባባይ ወደ ቀደመ ስሙ ተመልሶ መስቀል አደባባይ ተብሏል፤ በዳርቻው ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም በ2002 ዓ.ም. ተከፍቷል። የኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ያወጣቸው ትርጉሞች አሁንም በአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴዎች ዘንድ በርካሽ ይገኛሉ፤ የፓርቲ አደረጃጀትን የሚያስረዱትን ትንንሽ ጥራዞች ያገኘ ሰው ቢገዛ አይጸጸትም።

ፓርቲው ሲፈርስ አባላቱና መዝገቡ ምን ሆኑ?

በአውሮፓ ብዙዎቹ ስም ለውጠው ተመለሱ። በፖላንድ የቀድሞው ፓርቲ ሰው ክቫሽኒየቭስኪ በ1995 ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ፤ የምሥራቅ ጀርመኑ ፓርቲ ደግሞ በተከታታይ የስም ለውጥ ዛሬ የግራ ፓርቲ በሚባለው ውስጥ ገብቷል። በኢትዮጵያ ኢሠፓ እንዲህ ያለ ወራሽ አላገኘም፤ ፈርሶ መሪዎቹ ለፍርድ ቀረቡ። ሰነድ የማስቀመጥ ልማዱ ግን በራሱ ላይ መሰከረበት። ማን እንዲወገድ ማን እንደወሰነ የሚያሳዩ የተፈረሙና ማኅተም ያረፈባቸው ወረቀቶች ስለቀሩ፣ ልዩ ዐቃቤ ሕግ በ1987 ዓ.ም. በተጀመረው የችሎት ሂደት በማስረጃነት አቀረባቸው፤ ፍርዱም በ1999 ዓ.ም. ተሰጠ። ከፖሊት ቢሮው አባላት መካከል ተስፋዬ ገብረ ኪዳን፣ ብርሃኑ ባይህ፣ አዲስ ተድላና ኃይሉ ይመኑ በግንቦት 1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ በሚገኘው የጣሊያን ኤምባሲ ተጠልለው ነበር። ሁለቱ እዚያው ሞቱ፤ ብርሃኑ ባይህና አዲስ ተድላ ከሠላሳ ዓመት ጥቂት በሚያንስ ጊዜ በኋላ፣ በ2013 ዓ.ም. ፍርድ ቤት በአመክሮ እንዲለቀቁ ወስኖላቸዋል።